እግረ መንገዳችንን

ትናንት ቅዳሜ ነበር። በአሥራ ሁለት ቀን የአሜሪካ ቆይታዬ ውስጥ ለእኔ የተሰጠችኝ ቀን እሷ ነበረች። "ቅዳሜ ያንተ ናት" ብሎኛል የአጎቴ ልጅ። "ታክሲዋን አቆማታለሁ። የፈለግከውን አሳይሃለሁ።"

የፈለግኩት ብዙ አልነበረም። የሊንከንን ሐውልት ማየት፣ አንድ ሙዚየም መግባት፣ ማታ ሙዚቃ መስማት። በቃ። እሱ የሚኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከደጁ እስከ ሊንከን፣ መንገዱ ካልተዘጋ፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው። እኔ ሊንከን እግር ሥር የደረስኩት ግን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስልሳ እንቁላል ታቅፌ።

ጠዋት "ናይን ላይ እንወጣለን" አለኝ። ናይን ማለት ሦስት ሰዓት መሆኑን ለመልመድ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። በሦስት ሰዓት ጫማዬን አስሬ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። መኪና ውስጥ የገባነው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ገና ቀበቶዬን ሳስር፦

"እግረ መንገዳችንን አንድ ቦታ ብቻ ደረስ ብለን እንሄዳለን" አለ።

እቺን ቃል ማን እንደፈጠራት እንጃ። እግር የነበረው ሰው መሆኑ ግን አያጠራጥርም። ሰውየው ገበያ እየሄደ ነው። የእህቱ ቤት መንገዱ ላይ ነው። ጎራ ይላል፣ አንድ ጣሳ ጠላ ይጠጣል፣ አህያውን ነድቶ ይቀጥላል። እግርም አለ፣ መንገድም አለ። እዚህ አገር ሁለቱም የሉም። አራት መቶ ዘጠና አምስት የሚሉት ቀለበት መንገድ ነው ያለው። ዋሽንግተንን እንደ መቀነት የዞረ፣ መቶ ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ። እሱን በእግሩ ልሻገር ያለ ሰው፣ ለቅሶው እግረ መንገድ ይደረስለታል።

የአጎቴ ልጅ "እግረ መንገዳችንን" ሲል "በተቃራኒው አቅጣጫ፣ አርባ ደቂቃ" ማለቱ ነው። ይህን በሦስተኛው ቀን አወቅኩ። በሰባተኛው ቀን ጨጓራዬም አወቀ።

ደግሞ እኔስ ምን አፍ አለኝ? ከቦሌ ስነሳ የተፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ከዚያ ውስጥ የእኔ ልብስ ስድስት ኪሎ ቢሆን ነው። ሌላው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮሰረት፣ ቆሎ፤ ባጭሩ "እግረ መንገድህን" ነው። አንዲት የማላውቃቸው እናት ለማላውቃት ልጃቸው ሦስት ኪሎ ድርቆሽ አስይዘውኛል። ልጂቱ የምትኖረው ዴንቨር ነው። "ዴንቨር እኮ ሩቅ ነው" ብላቸው፣ "አሜሪካ አይደለም እንዴ የምትሄደው?" አሉኝ። ድርቆሹ እስካሁን አልጋዬ ሥር ነው።

እግር ከተነሳ ደግሞ ጫማ አለማንሳት አልችልም። በ1990 ዓ.ም. የአጎቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት ሲሄድ፣ እኔ ከመርካቶ የገዛኋት አንዲት ቡናማ የቆዳ ጫማ ነበረችኝ። የሦስት ወር ቁጠባዬ ናት። በዚያ ቀን ዝናብ ጥሎ የእሱ ሸራ ጫማ በስብሷል። "እስከ ቦሌ ብቻ ላድርጋት፤ እዚያ እንቀያየራለን" አለኝ። ቦሌ ስንደርስ ለቅሶው፣ መሳሳሙ፣ ፎቶው፤ ማን እግር ያያል? ሰውየው በእኔ ጫማ አትላንቲክን ተሻገረ። እኔ የእሱን እርጥብ ሸራ አጥልቄ በአውቶቡስ ወደ ቤት። ይኸው ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆነው። አንድም ቀን አላነሳሁበትም። በዚህ ጉዞ ግን አነሳዋለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ለጠብ አይደለም። ለታሪክ ያህል ነው።

ወደ መኪናዋ ልመለስ።

ያ "አንድ ቦታ" የጅምላ መደብር ነበር። ሱቅ ከማለት ሜዳ ማለት ይቀላል። ነገ የአክስታችን የልጅ ልጅ ክርስትና ስለሆነ ለዶሮ ወጡ እንቁላል ያስፈልጋል። ሚስቱ ሆስፒታል ሥራ ላይ ናት። ግን በስልክ፣ በመኪናዋ ስፒከር በኩል፣ አብራን ናት። ቀኑን ሙሉ አብራን ነበረች። "ስልሳውን ውሰዱ፣ ስልሳው ይረክሳል" ትላለች ከዳሽቦርዱ ውስጥ። እዚያ እንቁላል በስልሳ ይሸጣል፤ አምስት ደርዘን በአንድ ካርቶን። የመኪናዋ ኋላ በውኃ፣ በዘይትና በሽንት ቤት ወረቀት ሞልቶ እንቁላሉ ቦታ አጣ።

"ጋሼ፣ ከኋላ ከሆነ ይሰበራል። እርስዎ ይቀፉት" አለ ዳሽቦርዱ።

አቀፍኩት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ከተረቶች ሁሉ እንደዚህ የምወደው የለም። አያቴ ስንቸኩል ነበር የምትለው። ልጅ ሆኜ እንደ ወረደ ነው የገባኝ። እንቁላሏ ሁለት ቀጫጭን እግር አውጥታ በደጃችን ዱብ ዱብ ስትል ትታየኝ ነበር። በኋላ አንድ አስተማሪ "ጫጩት ትሆናለች ማለት ነው" ብሎ አስረዳኝ። በዚያ ሰውዬ እስካሁን ቅር ይለኛል። ደግሞስ ጫጩት የሆነ እንቁላል፣ እንቁላል ነው? የሄደው ጫጩቱ ነው። እንቁላሉማ ተሰብሮ ቀርቷል። ተረቱ የሚያጽናና ይመስላል እንጂ ጠጋ ብለው ሲያዩት "ታገሥ፤ አንተ ትሰበርና ሌላው ይሄዳል" ነው የሚለው። ይህን ለአያቴ ሳልነግራት ሞተች። ብነግራትም በጥፊ ነበር የምትለኝ። እዚህ አገር ለማንኛውም ያ ሁሉ ትዕግሥት አያስፈልግም። እንቁላል በቶዮታ ነው የሚሄደው። ኤሲ ተከፍቶለት፣ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ጭን ላይ ተቀምጦ።

ፖቶማክን ስንሻገር የዋሽንግተን ሐውልት ብቅ አለ። 169 ሜትር ነው፤ ላለማየት ቢሞክሩም አይቻልም። "ያውልህ!" አለ የአጎቴ ልጅ፣ መሪውን ለቆ እየጠቆመ። ማቆሚያ ፍለጋ አንድ ጊዜ ዞርን። ሁለት ጊዜ ዞርን። በሦስተኛው ታቦት የምናጅብ መሰለኝ። አንድ ባዶ ቦታ አገኘን፤ ግን ምሰሶው ላይ አራት ሰሌዳ ተደራርቦበታል። ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ይቻላል፣ ከዚህ ቀን በስተቀር፣ ወረቀት ከሌለህ በስተቀር። ሁለታችንም አንብበን አልገባንም። እሱ ይህን ከተማ በታክሲ ሲያስስ ነው የኖረው። "እንዲህ ዓይነቱ ሥር አቁሜ ተቀጥቻለሁ" አለና ነዳው። ደግሞ እንቁላሉ አለ። "በዚህ ሙቀት መኪና ውስጥ ጥላችሁት እንዳትሄዱ" ብሏል ዳሽቦርዱ።

ስለዚህ ሐውልቱን በመስኮት ጎበኘሁ። እንዲያም ሆኖ አንድ ነገር አየሁ። ሐውልቱ ሁለት ቀለም ነው። ከታች አንድ ዓይነት፣ ከሩብ ትንሽ ከፍ ሲል ሌላ ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ1848 ጀመሩት፤ ገንዘብ አለቀ፣ ጭቅጭቅ መጣ፣ ቀጥሎ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። ከሃያ ዓመት በላይ ጉቶ ሆኖ ቆመ። እንደገና ሲጀምሩ ድንጋዩ ከሌላ ቦታ ስለመጣ ቀለሙ አልገጠመም። ያለቀው በ1884 ነው። ደስ አለኝ። እኛ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደርሶ፣ ብረቱ ወደ ሰማይ እንደቆመ የቀረ ሕንፃ አለ። ባለቤቱን ስናማው ኖረናል። ለካ ሰውየው ገና ጊዜ አለው።

"የእኛው አክሱም ግን አንድ ወጥ ድንጋይ ነው!" አለ የአጎቴ ልጅ ድንገት ጮኾ። "24 ሜትር! 160 ቶን ገደማ! ይሄ እኮ ድርድር ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ!" ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1937 እንዴት እንደወሰደው፣ በ2005 ሦስት ቦታ ተቆርጦ በአውሮፕላን እንዴት እንደተመለሰ፣ በ2008 እንዴት እንደቆመ አንድ በአንድ ነገረኝ። እንባው ቅርር አለ።

"አክሱም ሄደህ ታውቃለህ?" አልኩት።

አልሄደም። እኔም አልሄድኩም። ሁለታችንም ዝም ብለን አራተኛውን ዙር ዞርን።

በመጨረሻ መብራት ሲይዘን ከነመስኮቱ ፎቶ አነሳኝ። ለባለቤቴ ላክኩላት። ወዲያው መለሰች፦ "የታቀፍከው ምንድን ነው?" ስለ ሐውልቱ ትንፍሽ የለም።

ሰባት ሰዓት ላይ ዳሽቦርዱ ጮኸ። "እዚያ ድረስ ከሄዳችሁ አይቀር፣ እግረ መንገዳችሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ ድረሱ።" ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፤ ከተማውን ሰንጥቀን በዚያኛው ጫፍ። "መንገድ ላይ ነው እኮ" አለ የአጎቴ ልጅ። ለአሞራ መንገድ ላይ ነው። ሟቹ የሚስቱ የሥራ ባልደረባ አጎት ናቸው። ያረፉት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነበር። ነፍሳቸውን ይማር፤ እኔ ግን የለበስኩት ለሊንከን ብዬ የገዛሁትን ባለ አበባ ሸሚዝ ነው።

ለቅሶ ቤቱ እንደ አገር ቤት ነው። የጎደለው ድንኳን ብቻ ነው። ጋራዡ ውስጥ ወንበር ተደርድሯል፤ ወንዶቹ አቀርቅረዋል፤ ከማዶ ካርታ እየተበወዘ ነው። እንቁላሉን ፀሐይ ላይ ላለመተው ታቅፌ ገባሁ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት እናት በሩ ላይ ተቀበሉኝ። ካርቶኑን አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ምነው፣ ምን አስቸገራችሁ!" ብለው ከእጄ ወሰዱና ወደ ኩሽና ገቡ።

ሰው እዚህ ላይ ምን ይላል? አማርኛ ሀብታም ቋንቋ ነው ይባላል። "ይቅርታ እናቴ፣ እንቁላሉ የክርስትና ነው" የሚለውን ለቅሶ ቤት ውስጥ ያለ ኀፍረት የሚያወጣ አማርኛ ግን የለም። አንድ ሰዓት ከሩብ ቁጭ ብዬ ፈልጌዋለሁ። የአጎቴ ልጅ በዓይኑ ይገፋፋኛል፤ እኔም በዓይኔ "አንተ ጠይቅ" እለዋለሁ። ቀስ እያለ ንፍሮ በሰሃን ዞረ። ከንፍሮው ጎን የተቀቀለ እንቁላል ነበር። ያወቅኩት መሰለኝ። ሁለት በላሁ።

እዚያው ሦስት ሰው ተራ በተራ አጠገቤ ተቀመጠ። መጀመሪያ "መቼ መጣህ?" ይላል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ልትመለስ ነው?" ይላል። እቺን ጥያቄ አልወዳትም። "መቼ ትመለሳለህ" ቢለኝ እሺ። "ልትመለስ ነው?" እኮ ነው የሚለው! አዎ ስለው ጠጋ ብሎ እንደ በሽተኛ ዓይኔን ያያል። "ግን አስበህበታል? ጥሩ ጠበቃ አውቃለሁ።" ምኑን ነው የማስበው? ሚስት አለችኝ። ሥራ አለኝ። ገና ያልደረሰኝ ዕቁብ አለኝ። ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ሁሉ ማምለጫ ፈልጎ ነው ያለው ማነው? ኤምባሲው አንድ ጊዜ ጠይቆኛል። እናንተ በቀን ሦስት ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። ኤምባሲው ቢያንስ በመስታወት ጀርባ ነው።

ለሦስተኛው ሰውዬ ስለ ድንቅነሽ ነገርኩት። ሉሲን ማለቴ ነው። ሐዳር ላይ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚሆናት። በ2007 አሜሪካ መጣች፤ ሂውስተን ጀምራ ለዓመታት ዞረች፤ በ2013 አገሯ ገባች። "ስድስት ዓመት ገደማ ቆይታ እንኳ ተመለሰች" አልኩት። ሰውየው ከልቡ አሰበበት።

"እሷማ የመጣችው በሥራ ቪዛ ነው" አለኝ።

ከዚያ የወጣነው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሄደን እንቁላል ገዛን። ስልሳ። ስለ ትራፊኩ ባላወራ ይሻላል። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያቸው ነፃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጉት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የአጎቴ ልጅ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በር ላይ ሲያወርደኝ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ይላል። ውስጥ 45.52 ካራት የሚመዝን ሰማያዊ አልማዝ አለ፤ ሆፕ ይባላል። ጥበቃው ካርቶኑን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። ምንም ሳንነጋገር ተግባባን።

አክስታችን እትዬ ያሉት አሌክሳንድሪያ ነው። ከአጎቴ ልጅ ቤት አምስት ደቂቃ። ጠዋት ከተነሳንበት ማለት ነው። ቡና አቀራርበው እየጠበቁን ነበር። ጣሪያው ላይ ያለችውን የጭስ ጠቋሚ በገላ መታጠቢያ ኮፍያ ሸፍነዋታል። እዚህ አገር የቡናው ሥርዓት ከዚህ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ወንበር ላይ ተወጥቶ ጣሪያው ኮፍያ ይደረግለታል፤ ከዚያ ዕጣን ይጨሳል። አንዴ ረስተዋት እሳት አደጋዎች ከነቆባቸው መጥተው ነበር። "ተቀመጡ፣ አቦል ደርሷል ብላቸው እምቢ አሉኝ" ይላሉ፣ እስካሁን እየገረማቸው።

"እትዬ፣ እንቁላሉን የት ላድርገው?" አልኳቸው።

"የምን እንቁላል ልጄ?"

"የክርስትናው።"

"ውይ! እኔ እኮ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እግረ መንገዴን ገዝቼ ገባሁ። ማቀዝቀዣው ጢም ብሏል። ውሰዱት፣ ውሰዱት።"

ዳሽቦርዱን የት ባገኘው!

አቦሉን ጠጣን። ቶናው ሲቀዳ የአጎቴ ልጅ ስልኩን መነካካት ጀመረ። "እንሂድ፣ ቤት ደረስ ብለን ልብስ ቀይረን ሙዚቃው ይጀምራል።" በረካው ሳይደርስ ተነሳን። እዚህ ላይ ለመቀለድ አፌ አይታዘዝልኝም። እትዬን ካየኋቸው አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ለእንቁላል ሁለት ጊዜ ተሰልፈናል። ለማላውቃቸው ሰው አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀምጬያለሁ። ለእሳቸው የደረሳቸው አርባ ደቂቃ ነው። ኤምባሲ ስገባ "ለምን ትሄዳለህ?" ሲሉኝ "አክስቴን ለመጠየቅ" ነው ያልኩት፤ አልዋሸሁም ነበር። በሩ ላይ ሆነው "በረካውን እንግዲህ ለማን ላፍላው?" አሉ። ለእኛ አልነበረም። ለጀበናው ነው የነገሯት።

ኮፍያዋን ከጣሪያው ሲያወርዱ በመስኮት አየኋቸው። ወንበር ላይ ወጥተው፣ በሰባ ስምንት ዓመታቸው።

ሙዚቃው "በቴን ይጀምራል" ተብሏል። ዩ ስትሪት አካባቢ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ምድር ቤት ነው። አራት ሰዓት ላይ የተገኘነው እኛ፣ አንዲት አስተናጋጅና አንድ ኪቦርድ ነን። ዘፋኙ ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። ባንድ የለም። ኪቦርዱ ባንዱ ነው። ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ሳክስፎኑም እሱ ነው። እኔ ከኪቦርድ ጋር የቆየ ቂም አለኝ። ሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን ሌሊት ሲዘጋው፣ ስምንትና ዘጠኝ ሰው ሆነው የሚጫወቱት ባንዶች አንድ በአንድ ተመናመኑ። ከዚያ አንድ ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሠርጋችንን ሁሉ ወረሰው። የእኔም ሠርግ ላይ ኪቦርድ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ሙሽራውን ጨምሮ ሁላችንም በእጃችን አጨበጨብን። የዚያን ሌሊት ምርጡ ሙዚቃ እሱ ነበር።

ግን አንድ ሰው ሲታወሰኝ ቂሜ ይላላል። ኃይሉ መርጊያ። አዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት ከነበረው ከዋልያስ ባንድ ጋር ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለዝግጅት መጥቶ ገሚሱ ሲመለስ እሱ ዋሽንግተን ቀረ። ለዓመታት ከደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ኋላ ይዞ ይዞራል፤ ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመዳል። በ2013 የድሮ ሥራው እንደገና ሲታተም ዓለም "ይሄ ሰውዬ የት ነበር?" አለ። እዚያው ሰልፉ ላይ ነበር። ይህን ለአጎቴ ልጅ ስነግረው "አየህ፣ ታክሲ ነጂ ማለት እንዲህ ነው!" ብሎ ደረቱን ነፋ። የእሱ ታክሲ ኋላ ያለው የሽንት ቤት ወረቀት ነው።

ዘፋኙ መድረክ ላይ "ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ አለን!" አለ። ተጨበጨበልኝ። በእኔ ስም ትዝታ ጀመረ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። አንዱ ተነስቶ ዶላር ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። አጠገቤ ያለችው ሴት በሶፍት እንባዋን ትጠርጋለች። እኔ ከአገሬ ከወጣሁ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ምኑን ልናፍቅ? የታክሲ ሰልፉን? የውኃ ፈረቃውን? ተከብሬ ዝም ማለት ደግሞ ነውር ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ትዝታ ፈለግኩ። ከብዙ ልፋት በኋላ የመጣልኝ የዚያው ቀን ነው፤ ያልጠጣሁት በረካ።

ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል። ያም ሆኖ፣ ሁለተኛውን ቢራ ስጨርስ ድፍረት መጣልኝ።

"ጫማዬ!" አልኩት በጆሮው።

"ምን?"

"ጫማዬን! በዘጠና!"

ራሱን ነቅንቆ በጣቱ ጠቆመኝ። ሽንት ቤቱን ነው የጠቆመኝ። ሄድኩ፣ ምን ላድርግ።

የሊንከን ሐውልት ሌት ተቀን ክፍት ነው። ይህን ያስታወሰኝ የአጎቴ ልጅ ነው፤ "እግረ መንገዳችንን እሱንም እንየው" ብሎ። ቀኑን ሙሉ መሄጃችን የነበረው ሰውዬ በስተመጨረሻ እግረ መንገድ ሆነ። ማቆሚያ ሞልቷል። አየሩ ቀዝቅዟል፤ እንቁላሉን መኪና ውስጥ መተው ይቻል ነበር። እጄ ግን ለምዶታል። ይዤው ወጣሁ።

ዙሪያውን 36 ዓምድ ቆሞለታል። ሊንከን በሞተበት ጊዜ የነበሩት ግዛቶች ቁጥር ነው አሉ። የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ሊንከን ቁጭ ብሏል፤ ቁጭ እንዳለ 5.8 ሜትር ነው። አንዱ እጁ ጭብጥ፣ አንዱ ዘርጋ ያለ ነው። ፊቱን ሳየው አወቅኩት። "ናይን ላይ እንወጣለን" የተባለ እንግዳ ነው። ጫማውን አስሮ ተቀምጧል።

ትንሽ ደረጃ ወረድ ሲሉ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሕልሙን የተናገረበት ቦታ ድንጋዩ ላይ ተጽፏል። በስልኬ መብራት አገኘሁት። ላዩ ላይ ቆምኩ። ፊት ለፊት ገንዳው፣ ከገንዳው ማዶ ያ ባለ ሁለት ቀለም ሐውልት በመብራት ቆሟል። ሰው የለም። ጸጥታ ነው። እንቁላሉን አስቀመጥኩና እኔም የመጣሁበትን ተናገርኩ።

"በዘጠና፣ ቦሌ፣ ያደረግካት ጫማ ትዝ ትልሃለች?"

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አሰበ።

"ቡናማዋ?"

"ቡናማዋ።"

"አንተ፣ ጠብባኝ ነበር እኮ!" አለ። "እንዴት እንደላጠችኝ! ፍራንክፈርት አውሮፕላን ስንቀይር እግሬ አብጦ፣ እዚያው ቆሻሻ ውስጥ ጥያት በካልሲ ገባሁ። አሜሪካን በካልሲ ነው የረገጥኳት ስልህ።"

ፍራንክፈርት! እኔ እስከ ዛሬ ቢያንስ አሜሪካ የገባች ይመስለኝ ነበር። የምለው ጠፋኝ። እሱ ግን ትዝ ብሎት ብቻውን ይስቃል፤ ሳቁ ዓምዶቹ መሃል እየዞረ ይመለሳል።

"በል ተነስ" አለኝ ሱሪውን እያራገፈ። "እግረ መንገዳችንን ቤንዚን እንቀዳለን።"

እንቁላሉን አነሳሁ።